የለም ያልኩት ወረቀት

ከተማሪ ቤቱ በር የተነሣሁት ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ነው። አባረሩኝ ብል ውሸት ይሆናል። የብረት በር መጣ፣ ከብረት በሩ ጋር ኮፍያ ያጠለቀ ወጣት ዘበኛ መጣ፣ ለእኔ ደግሞ አንድ ብርድ ልብስና የምስጋና ቃል ደረሰኝ። ብርድ ልብሱ ጥሩ ነው። ምስጋናውን ግን አዲሱ ሹም ስሜን ሁለት ጊዜ እየተሳሳተ ነው የተናገረው።

አሁን ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ቤቴ ደጃፍ ላይ ስቀመጥ ጎረቤቱ ሁሉ፣ «አንቱ፣ ይህን ሁሉ ዘመን እዚያ ላይ ምን ሲሠሩ ኖሩ?» ይለኛል። በር ከፈትኩ፣ በር ዘጋሁ። ሌላ ምን ልበለው? ሰው በረኛን የሚያየው ከበሩ እንጨት ጋር አንድ አድርጎ ነው። እንግዲያው ራሴው ልጻፈው አልኩ። መጻፍ የተማርኩት ጎልምሼ ስለሆነ ፊደሌ ይንጋደዳል። ያላማረው አያንብበው።

ያኔ ተማሪ ቤቱ ያለበት ቦታ ገጠር ነበር። ከጊዮርጊስ በላይ ትንሽ ከሄድክ የገብስ እርሻ ነው፣ ከእርሻው ቀጥሎ ድልድይ የሌለው ጅረት፣ ከጅረቱ ማዶ ገና ለጋ የሆነ የባሕር ዛፍ ደን፣ ከደኑ መሃል የቆርቆሮ ክዳን ያለው ረጅም ቤት። አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ነው ያሠራው። ልጆቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። ተመላላሾቹ የአራዳ ነጋዴና የመኳንንት ልጆች ናቸው፤ ጧት በበቅሎ ይመጣሉ፣ አሽከር ደብተራቸውን ይሸከማል። አዳሪዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፤ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ያድራሉ።

እኔ ከዚያ በፊት አራዳ ገበያ ተሸካሚ ነበርኩ። አሞሌ፣ ቡና፣ የነጋዴ ሣጥን፣ ያገኘሁትን ሁሉ እሸከማለሁ። አንድ ቀን ከባድ ሣጥን አሸክመው ወደ ተማሪ ቤቱ ላኩኝ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ወሎዬ ናቸው፣ ነጭ ቆብ አድርገዋል። ሣጥኑን ቀስ ብዬ መሬት ላይ አሳረፍኩት። ሽማግሌው ከፈቱት። መጽሐፍ ነው፣ ከመጽሐፉ መሃል ደግሞ በገለባ የተጠቀለለ አንድ ድቡልቡል ነገር አለ።

«ይህ ምንድን ነው፣ አባቴ?» አልኳቸው።

«ዓለም ናት።»

«እሺ፣ አራዳስ የታለች?»

ሽማግሌው ድቡልቡሉን ቀስ አድርገው አሽከረከሩትና ጣታቸውን አሳረፉበት። ጣታቸው አገሩን በሙሉ ሸፈነው። እኔ ያን ቀን ጧት ከገበያው እስከዚያ ድረስ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ሣጥን ተሸክሜ ወጥቻለሁ፤ የወጣሁት መንገድ ሁሉ ከዚያች ጣት ጥፍር በታች ነበር። ዛሬም ድረስ ያን ነገር ሳስበው ሰውነቴን ይወርረኛል።

«ሣጥኑን ስታወርድ አየሁህ» አሉኝ። «እጅህ ጥሩ ነው። እዚህ ሰው እንፈልጋለን።»

ሸኽ ይመር የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ደመወዙ ትንሽ ነበረ፣ እሱም ይዘገያል፤ ስለሱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

የበረኛነትን ሥራ ሥራ አይደለም የሚል ካለ ሸኽ ይመርን አላያቸውም። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ያስቀምጡታል። በሩ ግራ በኩል የድንጋይ መደብ አለ፤ መስፍን ይሁን ለማኝ እዚያ ይቀመጣል። «የቆመ ሰው ይቸኩላል፣ አንተንም ያቸኩልሃል፤ አስቀምጠው» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ከየት መጣህ? ለማን መጣህ? በማን ቃል? መልሱን ሰምተው ራሳቸው ደግመው ለእንግዳው ይነግሩታል። እንግዳው «አዎ» ሳይል እጃቸው መቀርቀሪያውን አይነካም።

ጠመንጃ ወደ ግቢ አይገባም። የመኳንንቱ አሽከሮች ጧት ልጆቹን ሲያደርሱ ውጅግራውንም ምንሽሩንም በሩ ላይ ማስቀመጥ አለባቸው። ማታ ሲመለሱ ለእያንዳንዱ የራሱን መስጠት የእኔ ሥራ ነው። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። የአንዱ ማንገቻ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ የሌላው ሰደፍ ተሰንጥቆ በጅማት ታስሯል፣ የሌላው አፈሙዝ ላይ ቀይ ክር አለ። አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ ሰው አሽከር፣ «የጌታዬን መሣሪያ ለተሸካሚ አላስረክብም!» ብሎ አፈሙዙን ወደ ደረቴ አዞረ። ሸኽ ይመር ከመደቡ ሳይነሡ፣ «ልጄ፣ ተቀመጥ። ከየት መጣህ?» አሉት። ሰውየው ግራ ገባው። ተቀመጠ። ከተቀመጠ በኋላ መተኮስ አፈረ።

ሸኽ ይመር ወረቀት ሲደርሳቸው ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሚያነቡት፤ መጀመሪያ በዓይናቸው ብቻ፣ ቀጥሎ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ። ሲጨርሱ ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። ስኳር የተጠቀለለበትን ብጣሽ እንኳ እንደዚያው ያነቡታል። ያን ጊዜ አጠገባቸው መተንፈስ ያስፈራኝ ነበር። ጥቁር ነጠብጣብ አይተው ጎንደር ያለ ሰው የተናገረውን ይሰማሉ።

እኔ ከሳቸው ንባቡን ሳይሆን አነባበቡን ተማርኩ። ሸኽ በማይኖሩበት ጊዜ መልእክተኛ ወረቀት ሲያመጣ ተቀብዬ ማኅተሙን ወደ ላይ አደርጋለሁ፤ የላይና የታቹ የሚታወቀኝ በማኅተሙ ነው። በዓይኔ እሄድበታለሁ፣ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። ከዚያ ፊቴን ቋጥሬ፣ «እስቲ ጉዳዩን በአፍህ ደግሞ ንገረኝ፣ ከወረቀቱ ጋር ይስማማ እንደሆነ ልይ» እለዋለሁ። መልእክተኛው ፈርቶ ሁሉንም ይነግረኛል። ጠንቃቃ በረኛ ተባልኩ። እንዲህ እያልኩ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ያወቁብኝ ሸኽ ብቻ ነበሩ። «ይህ ብልሃትህ አንድ ቀን ያልቅብሃል» ይሉኛል። «ና፣ ፊደል ላሳይህ።»

«ነገ፣ ሸኽ።»

«እሺ፣ ነገ።»

አዳሪዎቹ ሁሉ በር ላይ ባለችው ሣጥን ውስጥ እያንዳንዳቸው ወረቀት ነበራቸው። ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ሊወስደው እንደሚችል የሚናገር ነው። ያኔ የነበረው ሹም ፈረንጅ ነው፣ ሙሴ ነበር የምንለው፤ ቀጭን፣ ደግ፣ አገሩን ግን የማያውቅ። «ወረቀቱ ከበሩ አይራቅ» ያለው እሱ ነው፤ በዚህ በዚህ ልክ ነበር። ባሕሩ የሚባል የአሥራ አራት ዓመት ያህል ልጅ አዳሪ ነበር። እናቱ የአንድ ትልቅ ሰው ቤት ባሪያ ነበረች። ሰውየው ሊሞት ሲል እሷንም ልጇንም ነጻ አውጥቶ ወረቀት ጻፈላቸው፤ ተማሪ ቤቱን ያሠራው ባለጸጋም ልጁን ያለ ክፍያ አስገባው። የነጻነት ወረቀቱ ሣጥኑ ውስጥ ነበረ። እኔ በየሳምንቱ አቧራውን አራግፍለት ነበር።

አንድ ዓርብ ቀን ሸኽ ይመር ጁምዓ ሊሰግዱ ወደ ታች ወረዱ። ቀትር ላይ ተመላላሾቹ ለምሳ ሲወጡ በሩ ተከፍቶ ነበር። ባሕሩም ውኃ ሊቀዳ ወደ ጅረቱ ሲወጣ አንድ ባላምባራስ ከሁለት ሰው ጋር ደረሰ። ነጭ የለበሰ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው። ትልቅ ሰው ስለሆነ አላስቀመጥኩትም። ከየት እንኳ አላልኩትም።

ባሕሩን አየና፣ «በሕግ አምላክ!» አለ።

የዛሬ ልጆች ይህ ቃል ምን እንደሚያደርግ እየረሱት ነው። ያንን ቃል ለማኝ ቢለው፣ ሕፃን ቢለው፣ የተባለበት ሰው እግሩ ይታሰራል። አባቴ ጅረት መሃል ውኃው ጉልበቱን አልፎ ከሳሹ እስኪደርስ ቆሞ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ባሕሩም ቆመ፤ እኔም የእኔ ጉዳይ ሳይሆን ቆምኩ። ባላምባራሱ የኩታውን ጫፍ ከልጁ ኩታ ጫፍ ጋር ቋጠረው። ይህ ቁራኛ ይባላል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ፣ ቋጠሮውን የፈታ ወንጀለኛ ነው።

«ይህ ልጅ የሟቹ ወንድሜ ቤት ባሪያ ነው፤ ኮብልሎብኝ ነው» አለ ባላምባራሱ።

ባሕሩ አልጮኸም። ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሼ፣ ወረቀቴ ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ያውጡላቸው» አለ።

ሣጥኑን ከፈትኩ። አርባ ያህል ወረቀት ነው፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ማኅተም ያለው። የላይኛውን አነሣሁ። በዓይኔ ሄድኩበት፣ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ፣ ገለበጥኩት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ተመላላሾቹ ከብበውኛል፤ ፈረንሳይኛ የሚያነበንቡ ልጆች ናቸው፣ ሁልጊዜ በሩ ላይ የሚፈሩኝ። ባሕሩ እጁን ቢዘረጋ ሣጥኑን ሊነካው ይችል ነበር። «አንተው ፈልገው» ብለው ያበቃ ነበር። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ከዚያ ልጆቹን አየሁና ዋጥኩት።

«የለም» አልኩ።

«ሰማችሁ?» አለ ባላምባራሱ ለሰዎቹ። «የተማሪ ቤቱ በረኛ አንብቦ የለም አለ። ምስክሮቼ ናችሁ።»

ባሕሩ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግራ ተጋብቶ ነበር። ማንበብ እንደማልችል አያውቅማ! ተቋጥረው ቁልቁለቱን ወረዱ።

ሸኽ ይመር ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው፣ «ምን አዲስ ነገር አለ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሣጥኑን ከፈቱ፣ ከላይ ሦስተኛውን ወረቀት መዘዙ፣ በዓይናቸው አነበቡት፣ በከንፈራቸው አነበቡት፣ ጀርባውን አዩት። ከዚያ እጄ ላይ አኖሩት።

«እርስዎ ይውሰዱት፣ ሸኽ፤ እኔ ምን ብዬ...»

«የለም ያልከው አንተ ነህ። አለ የምትለውም አንተ ነህ። ሩጥ!»

ሮጥኩ። ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ወረቀቱን ብብቴ ውስጥ ይዤ ጭቃውን እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ችሎቱ ከአራዳ ገበያ ራስጌ በአንድ ዳስ ሥር ነበር። ሥራ የፈታ የአራዳ ሰው ሁሉ ሙግት ለመስማት እዚያ ይሰበሰባል። ስደርስ ባላምባራሱ አንድ እግሩን ወደ ፊት አድርጎ ዱላውን እየወዘወዘ፣ «የራሳቸው በረኛ አይቶ የለም ብሏል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈለጋል?» እያለ ነው። ዳኛው ሊፈርዱ ነው። ከፈረዱ ልጁ ያን ቀን ማታ ከአዲስ አበባ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አያገኘውም።

«ጌታዬ! ያ በረኛ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ዳኛው አዩኝ። ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ነኝ። «እህ? ምን ልትል ነው?»

«ወረቀቱ አለ፤ ይኸው።»

«ቀትር ላይ የለም ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ያኔ ያየኸው ምን ነበር?»

«አላየሁም፣ ጌታዬ። ማንበብ አልችልም።»

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ከኋላ አንዱ፣ «አቶ በረኛ! ስድስት ዓመት ወረቀት ስታገላብጥ እየጠበስከው ነበር እንዴ?» አለ። ያውቀኝ ነበር ማለት ነው። ሌላው ቀጠለና፣ «ተዉት፣ አንዱ ገጹ ገና ጥሬ ነው!» አለ።

ዳኛው እጃቸውን አነሡ። «አንተ ሰው፣ ቀትር ላይ የለም፣ አሁን ደግሞ አለ ካልክ የትኛውን ልመን?»

«ያኔ የዋሸሁት አፍሬ ነው፣ ጌታዬ። አሁን ምን ላፍር ቀረኝ?»

ሳቁ በረድ አለ። ጸሐፊው ወረቀቱን ተቀብሎ ዘረጋው። ባላምባራሱ ግን ቀላል ሰው አልነበረም። «ባሕሩ የሚባል ልጅ በያገሩ ሞልቷል» አለ። «ይህ የሌላ ልጅ ወረቀት ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ከሣጥን የመዘዘው ወረቀት የዚህ ልጅ መሆኑን በምን ያውቃል?»

እውነቱን ነው። በምን አውቃለሁ?

ያን ጊዜ ባሕሩ ተናገረ። «ጌታዬ፣ ጸሐፊው ወረቀቱን ለማንም ሳያሳይ ይያዝ። እኔ በቃሌ ልበለው። አንድ ቃል ከሳትኩ ይውሰዱኝ።»

ዳኛው ጢማቸውን ዳሰሱ። «በል።»

ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። እናቱ ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ እሱ ማንበብ ከቻለበት ቀን ጀምሮ ወደ እኛ ተማሪ ቤት እስኪገባ ድረስ በየማለዳው እንደ ዳዊት ታስደግመው ነበር። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ድምፁ እንዳልተንቀጠቀጠ ብቻ ነው።

«ይህን ቃል የሰጠሁት በሥጋዬ ታምሜ፣ በልቤ ግን ጤነኛ ሆኜ ነው። በቤቴ ያገለገለችኝ ወለተ ማርያም ከልጇ ከባሕሩ ጋር ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ናት። ባዕድ ቢሆን፣ ዘመድ ቢሆን፣ የእናቴ ልጅ ወንድሜም ቢሆን፣ የኔ ናቸው ብሎ እጁን የሚያነሣባቸው ቢኖር በፈጣሪ ፊት ይፋረደኝ...»

የጸሐፊው ጣት ከወረቀቱ ላይ እየተንሸራተተ ይከተለዋል። ዳሱ ውስጥ የሚሰማው የዝናቡና የልጁ ድምፅ ብቻ ነው። የምስክሮቹን ስም አንድ በአንድ ጠራ፤ አራተኛው ላይ ቆመና፣ «እዚህ ላይ ቀለም ፈሷል፤ የምስክሩ የአባት ስም አይታይም» አለ።

ጸሐፊው ቀና አለ። «እውነት ነው፣ ጌታዬ። ፈሶበታል።»

ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። ያ ወረቀት ስንት ዓመት እጄ ላይ ነበረ፣ አራግፌዋለሁ፣ አገላብጬዋለሁ፤ አንዲት ቃል አልሰጠኝም። ለዚህ ልጅ ግን ከነነጠብጣቡ ውስጡ ገብቶ ተቀምጧል። ቤቱን ቢያቃጥሉት፣ ሣጥኑን ቢሰብሩት፣ እሱ ይዞት ይሄዳል። ጸሎት ላይ እንደቆምኩ ሁሉ ኩታዬን አስተካከልኩ።

ዳኛው ለባላምባራሱ፣ «ያሰርከውን ራስህ ፍታው» አሉት።

ቋጠሮው በዝናብ ርሶ ጠብቆ ነበር። በጣቱ ታገለው፣ እምቢ አለ። መጨረሻ ጎንበስ ብሎ በጥርሱ ፈታው። ሕዝቡ እስኪፈታ ድረስ አልሳቀም።

ዳገቱን ወጣን። ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ ባሕሩ ፊቱን ሳያዞር፣ «ጋሼ፣ አላውቅም ቢሉኝ ኖሮ እኮ እኔ አነበው ነበር» አለ።

ጭቃውን እየረገጥኩ ከኋላው ተከተልኩት።

ሙሴ ሊያባርረኝ ፈለገ፤ እውነትም ነበረው። ሸኽ ይመር ዋስ ሆኑ። «የሣጥኑን ወረቀት ሁሉ እስከ ፋሲካ ካላነበበ እኔንም ከሱ ጋር አስወጡኝ» አሉ። በማግሥቱ ከትንንሾቹ አዳሪዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎ በጎን ነበር የምቀመጠው። ልጆቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ። በየቀኑ ማታ በሩ ሲዘጋ ሸኽ ያስጠኑኛል፤ ስሳሳት፣ «አብሽር፣ እንደገና» ይላሉ። አንድ ቅዳሜ አራዳ ስወርድ ሁልጊዜ በማልፍበት ሱቅ ላይ የተጻፈውን ሳላስበው አነበብኩት። ትልልቅ ቀይ ፊደል ነው፤ የንጉሥ አዋጅ ይመስለኝ ነበር። «ምስማር አለ» ነው የሚለው። መንገድ መሃል ቆሜ ሳቅሁ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ። ግድግዳው ሁሉ ይህን ያህል ዘመን ሲያወራኝ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ደንቆሮው።

ፋሲካ ሳይደርስ አርባውንም አነበብኩ። ሸኽ ይመር በሁለተኛው ዓመት አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ተማሪ ቤቱ በሙሉ በእግሩ ሄደ። በሩ ለእኔ ቀረ። ከሙሴ በኋላ የመጣው ሹም የአገር ሰው ነበር፣ ሻማ እንኳ ቆጥሮ የሚሰጥ ገብጋባ፤ ግን አንድ ጥሩ ነገር ሠራ። አንድ ትልቅ መዝገብ ገዛና አዳሪ ሲወጣ እንድጽፍበት አዘዘኝ። ስም፣ ቀን፣ ወሳጅ። ልጁን ማን እንደወሰደው ሳይጻፍ ማንም አይወጣም።

ባሕሩ ከዚያ ሙግት በኋላ አራት ዓመት ተማረ። ሰላምታ አልነሣኝም፤ ሲያልፍ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ «እንዴት አደሩ» ይላል። በር ላይ ግን ቆሞ አያውቅም። ሌሎቹ ልጆች መደቡ ላይ ተቀምጠው ሲያጫውቱኝ እሱ ያልፋል። አልፈርድበትም።

ትምህርቱን የጨረሰ ለት ጧት ሣጥኑን በትከሻው ይዞ መጣ። በዚያ ቀን የሚወጡት ብዙ ነበሩ፤ በሩ ላይ በቅሎ፣ አሽከር፣ አባት፣ አጎት ሞልቷል። እሱን የሚጠብቅ ማንም የለም፤ እናቱ ሩቅ አገር ናት። ተነሣሁ፣ መዝገቡን ገለጥኩ። ስሙን ጻፍኩ። ቀኑን ጻፍኩ። «ወሳጅ» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ፤ ደንብ ስለሆነ ግን ጠየቅሁት።

«ወሳጅህ ማን ይባል?»

ሣጥኑን አወረደ። ብዕሩን ከእጄ ወስዶ ጎንበስ አለና ጻፈ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለበት። ከዚያ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረውና ቆሞ ጠበቀኝ። እስካነበው ነው የሚጠብቀው።

«ራሱ» ብዬ አነበብኩ።

«አዎ፣ ጋሼ» አለ። ሣጥኑን ተሸክሞ ወጣ።